ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ አባትም ይሳል

ጋሼ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ጤና ጣቢያው አጥር ሥዕል የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ መጀመሪያ ትንሽ ከፍቶኝ፣ ከዛ በኋላ ግን ረጋ ብዬ፣ እና ዝም ብል እርስዎንም ሥራውንም የናቅኩ ስለሚመስለኝ ነው የምመልሰው። ላላነበቡት ባጭሩ ልበል፦ እዚህ ጅማ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ መንገድ ዳር ያለውን ረጅም አጥር ሥዕል ሊያስቀባ አስቦ ንድፍ እንድሠራ ጠየቀኝ፣ እኔ ማስታወቂያ ቤት ነው ያለኝ፣ ባነር ስቲከር ታፔላ ምናምን እንሠራለን። ያቀረብኩት ንድፍ ላይ የልጁን ፊት የሚያጥብ አባት አለ፣ ከተንጠለጠለ ጀሪካን ሥር የሚታጠቡ እጆች አሉ፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት አጎበር ሲሰቅሉ አለ፣ ቤት ለቤት ከምትዞረው ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር የሚያወሩ ባልና ሚስት አሉ፣ በዊልቸር የመጣች ልጅ ካርድ ስታወጣ አለ። ጋሼ ደሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሳኒታሪያንነት፣ ማለትም በአካባቢ ጤና ባለሙያነት ያገለገሉ፣ ብዙዎቻችን የምናከብራቸው ሰው ናቸው፣ ንድፉን አይተው አምስት ነገር ጻፉ። የጤና መልክ እናትና ልጅ ነው፣ እሱን መቀየር ሴቶቹን መሰረዝ ነው አሉ። ሁሉን ያካተተ ሥዕል ምናምን የሚባለው ከውጪ የመጣ ፋሽን ነው አሉ። አማርኛችን ራሱ ወንድና ሴት እየለየ እያወራ ያልለየ ሥዕል ለኛ ሰው አይገባም አሉ። ጾታ የሌለው ምስል ነፍስ የሌለው ክብ ራስ ነው፣ ከሱስ ሐኪሙን በጋዋን ነርሷን ከጎኑ አድርጎ መሳል ይሻላል አሉ። መጨረሻ ላይ ደሞ በሥዕል ከመጨነቅ ለመድኃኒት ይዋል አሉ።

የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ ምክንያቱም የልባችን ልዩነት እሱ ላይ ነው።

እናት የጤና መልክ ናት ሲሉ ከየት አምጥተው እንዳሉት ይገባኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ነው የተመደቡት፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዛው ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ የተመለመሉ፣ አንድ ዓመት ሰልጥነው ጤና ኬላ የተሰጣቸው፣ እና አገር ላይ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው በዝናብ በጭቃ ቤት ለቤት የዞሩት እነሱ ናቸው። ክትባቱ ቤተሰብ ዕቅዱ ሽንት ቤቱ በነሱ እግር ነው የደረሰው። እኔ ይሄን ልሰርዝ ብነሳ እጄ አይታዘዘኝም። ግን ጋሼ የሠራን ሰው ማክበር ሌላ፣ ሥራውን በሙሉ እሱ ጫንቃ ላይ ጭኖ ሌላው ዞር እንዲል ማድረግ ሌላ ነው፣ ለኔ ያ ያረጀው ሥዕል የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው።

አንድ የቤታችንን ነገር ልንገርዎ። ማና ወረዳ ቡና የሚያመርት አጎት አለኝ። ኤክስቴንሽኗ ቤቱ ትመጣለች፣ በሩ ላይ ስትደርስ እሱ ከመደቡ ይነሳል፣ ሰላም ይላትና ወደ ጓሮ ወይ ወደ ቡናው ይወጣል። ንቀት አይደለም፣ እንደ ጨዋነት ነው የሚያየው፣ "የሴቶች ጉዳይ ነው" ብሎ ቦታ መልቀቁ ነው። የምትይዘው መጽሐፍ ላይ እናት አለች፣ ጤና ኬላው በር ላይ እናት አለች፣ የተሰጣቸው ካላንደር ላይ እናት ልጇን አቅፋ አለች። አጎቴ ቡና ለቀማው ላይ ማሳል ጀመረ፣ ለቀማው አለቀ ሳሉ አላለቀም፣ ሚስቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል መመርመር አለበት ተብላ ተምራ ነበርና ነገረችው፣ እሱ ግን "እዛ የእናቶች ቤት ሄጄ ምን ልበል" አላት። ይቺን ቃል በራሴ ጆሮ ነው የሰማሁት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ክብደቱ ወርዶ ሌሊት በላብ እየተነከረ ነው እኛ ጎትተን ያስመረመርነው፣ ቲቢ ሆኖ ተገኘ፣ ስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ አልሐምዱሊላህ፣ ግን እስከዛ ድረስ አንድ ክፍል ውስጥ ከሱ ጋር የሚተኙ ልጆች ነበሩ። ሥዕሉ ብቻ ነው ያዘገየው አልልም፣ ሥራ አለ፣ የወንድ ልጅ እልህ አለ፣ መንገዱም አለ። ግን ያ ሰው በሕይወቱ ካያቸው የጤና ሥዕሎች አንዱ እንኳ እሱን የሚመስል ሰው ኖሮበት አያውቅም።

እና ይሄ የአጎቴ ብቻ አይደለም። በዓለም ደረጃ ቲቢ ከሚይዛቸው አዋቂዎች ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበዛሉ፣ ሳይመረመሩና ሳይታከሙ የሚቀሩትም ይበልጥ እነሱ ናቸው። በመኪና አደጋ የሚሞተው አብዛኛው ወንድ ነው፣ እዚሁ ጅማ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ባጃጅ የሚያሽከረክሩትን ልጆች ቆመው ቢያዩ የሚገባ ነገር ነው። እነዚህን ሰዎች ነው "የጤና መልክ እናት ናት" ብለን ከበሩ የምንመልሳቸው።

በሌላ በኩል ደሞ ትራኮማን እንይ፣ እርስዎ ከኔ የበለጠ ያውቁታል። በትራኮማ ዓይናቸው የሚጠፋ ሴቶች ከወንዶቹ እስከ አራት እጥፍ ይደርሳሉ። ለምን? ተህዋሲው በብዛት ያለው ትንንሽ ልጆች ላይ ስለሆነ፣ ልጆቹን ቀኑን ሙሉ የምታቅፈው የምትጠርገው ደሞ እሷ ስለሆነች፣ በተደጋጋሚ እየያዛት ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እስኪታጠፍ ድረስ። አሁን የትራኮማ ፖስተር ስንሠራ ምንድነው የምንስለው? የልጇን ፊት የምታጥብ እናት። በቃ። የሚያሳውራት ሥራ ነው፣ እኛ ደሞ መልሰን "ይሄ ያንቺ ሥራ ነው" ብለን ግድግዳ ላይ እናተምላታለን። እኔ አባት ልጁን ሲያጥብ የሳልኩት ለዚህ ነው፣ ውሃው ያው ውሃ ነው፣ የልጁም ፊት ያው ፊት ነው፣ እሷ ግን ግማሹን ቀን ታርፋለች።

ሴቶቹን ሰረዝክ ላሉት ንድፉን እንደገና ይቁጠሩልኝ፣ ግማሹ ሴት ነው። ኤክስቴንሽኗ ራሷ አለች ቦርሳዋን ይዛ፣ ማንም አልነካትም። ለውጡ የምታናግራት እናትን ብቻ ሳይሆን ባልና ሚስት ቁጭ ብለው መሆኑ ነው። ደሞ ሴት የሚመለከተው ነገር ላይ ሴትን መሳል ግዴታ ነው፣ የእርግዝና ክትትል ላይ፣ ወሊድ ላይ፣ ለሴት ልጆች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ላይ ያልለየ ሰው መሳል ሰውን ማደናገር ነው። እኔ የምለው አጥሩ ሙሉውን ጤና የሚወክል ከሆነ ሙሉውን ሰው ይወክል ነው።

ሁለተኛው፣ ከውጪ የመጣ ፋሽን ነው ያሉት። ጋሼ እኛ የምንስለው የቱ ነው ከውስጥ የመጣው? በበትር ላይ የተጠመጠመው እባብ የግሪኮች የአስክሊፒዮስ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 አርማው ላይ አደረገውና ወደኛም መጣ። ነጩ ጋዋን ከውጪ ነው። ቀይ መስቀሉ እ.ኤ.አ. በ1864 ጄኔቫ ላይ የተወሰነ የጦር ሜዳ ምልክት ነው፣ የትም ክሊኒክና መድኃኒት ቤት በር ላይ እንለጥፈዋለን እንጂ በሕግ የተጠበቀ ምልክት ነው፣ እኔም ብዙ ደንበኛ መልሻለሁ በሱ ምክንያት።

ደሞ የቀይ መስቀሉ ታሪክ ራሱ የኛን ክርክር ነው የሚመስለው። ሰዎቹ ሲጀምሩ ለሁሉም የሚሆን ምልክት ያወጡ ነበር የመሰላቸው። የቱርክ ኦቶማኖች ግን መስቀሉ የራሳቸውን ወታደሮች እንደሚያስከፋ ተናግረው እ.ኤ.አ. በ1876 ጦርነት ላይ ቀይ ጨረቃን ተጠቀሙ፣ ከዛ ሁለቱም የማይሆናቸው አገሮች መጡ፣ ክርክሩ ዘመናት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ቀይ ክሪስታል የሚባል ሦስተኛ ምልክት ጸደቀ፣ በአንዱ ጫፉ የቆመ ባዶ አራት ማዕዘን፣ የማንም ሃይማኖትና የማንም አገር ያልሆነ። መስቀሉም ጨረቃውም አልተሰረዙም፣ እስካሁን አሉ። የተጨመረው ውጪ የቀረውን የሚያስገባ በር ነው። ጅማ ላይ ሆኜ ይሄን ስጽፍ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም፣ መስጊድና ቤተክርስቲያን ድምፃቸው በሚሰማማበት ከተማ ሁሉን የሚያስገባ ምልክት ማለት ምን እንደሆነ እናቶቻችን ከመማራችን በፊት ያውቁት ነበር።

እንደውም ማካተት የኛ ነው ባይ ነኝ። እንግዳ ቤት ሲገባ ኩስኩስቱ ይዞራል፣ ለሽማግሌው ለልጁ ለሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ለወንድ ለሴት፣ እጅ የዘረጋ ሁሉ ውሃ ይፈስለታል። ከዚህ የበለጠ የጤና ሥዕል አለ? መጀመሪያ ንድፌ ላይ እሱን ነበር የሳልኩት። ከዛ ሠራተኛዬ አየችውና "ግን የምትቀዳው ማናት?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሳላስበው ጎንበስ ብላ የምታስታጥብ ልጅ ስዬ ነበር፣ ሁልጊዜ የምናየው እሱ ስለሆነ እጄ ራሱ ነው የሳላት። ለዛ ነው አሁን ያለው ንድፍ ላይ ጀሪካኑ በገመድ የተንጠለጠለው፣ ማንም አይቀዳም፣ ሁሉም ለራሱ ይታጠባል። ዕቃ ብቻ ስለሳልን ገለልተኛ ሆንን ማለት እንዳልሆነ የተማርኩት ያኔ ነው፣ እጁ ላይ አምባር ካለ ሂና ካለ ማን እንደሆነ ይነግራል፣ ማጀቱ ውስጥ ማን እንደቆመ ዕቃውም ይናገራል።

ሦስተኛው የቋንቋው ነገር ነው፣ እሱን ሳነብ ግን በጣም ነው የገረመኝ ምክንያቱም አማርኛ ከእርስዎ ጋር ሳይሆን ከኔ ጋር ነው ያለው። አንተና አንቺ እንላለን፣ ልክ ነዎት፣ "ታጠብ" ስንል ወንድ "ታጠቢ" ስንል ሴት ነው። ግን እርስዎን ላናግር ስነሳ ምን አልኩ? ጤና ይስጥልኝ አልኩ። ይሄ ሰላምታ ለአባትም ለእናትም ለጎረቤትም አንድ ነው፣ እንደምን አደርክ አደርሽ ብለን ከመለየታችን በፊት ጤናን ለሁሉም እኩል የምንመኝበት ቃል አለን። ከዛ ደሞ ጽሑፉን ሙሉ "እርስዎ" እያልኩ ነው፣ ጋሼ ከሚለው ውጪ ወንድ ይሁኑ ሴት ይሁኑ ከግሶቼ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አማርኛ ሰውን ሲያከብር ጾታ መለየት ይተዋል። "እጅዎን ይታጠቡ" ሁሉንም ያናግራል። "እንታጠብ" ሁሉንም ያናግራል።

አሁን የጤና ፖስተሮቻችንን ያስታውሱ። "ልጅሽን አስከትቢ" የሚል ስንት አይተዋል? እኔ ራሴ ስንቱን አትሜያለሁ። አባትየው ሲያነበው ለሱ እንዳልተጻፈ ያውቃል፣ ፊደሉ ራሱ ነግሮታል። "ልጅዎን ያስከትቡ" ብንለው ቃሉ አልረዘመም፣ ክብሩ ጨምሯል፣ ሁለቱም ወላጆች ገብተዋል። አፋን ኦሮሞውም እንደዛው ነው፣ አጥሩ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚጻፈው፣ "ሀርከ ኬሰን ዺቀዻ" ሲባል ለብዙም ነው ለክብርም ነው፣ ለወንድም ለሴትም ነው። ቋንቋዎቻችን የሠሩትን ነው ሥዕሉ ይሥራ የምለው።

አራተኛው ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። ክብ ራስ ያለው ፊት የሌለው ምስል ነፍስ የለውም ያሉት ልክ ነው፣ እንደውም ከዛም የባሰ ችግር አለው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲቢቲፒ፣ ማለትም ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብተው ለሚሠሩት የተግባር ትምህርት ሲወጡ ፖስተራቸውን እኔ ጋ ነው ብዙዎቹ የሚያሳትሙት፣ ከኢንተርኔት ያወረዱትን ያንን ክብ ራስ ይዘው ይመጣሉ "ገለልተኛ ነው" ብለው፣ እኔም ሱቅ የገባውን ሰው እያቆምኩ ይሄ ምንድነው ምን እያደረገ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። "ሰውዬው እየታጠበ ነው" "እሱ እያሳለ ነው" ነው መልሱ። ቀሚስ ካላለበሱት ወንድ ነው የሚሆነው። ሽንት ቤት በር ላይ ያለውን ያስቡት፣ ሱሪ ለባሹ ምስል ወንድ ማለት ነው፣ እዛው ሕንፃ ላይ የአሳንሰሩና የመውጫው ምልክት ላይ ግን ያው ምስል "ሰው" ማለት ይሆናል። ስለዚህ ባዶ ምስል ገለልተኛ አይደለም፣ ዝም ብሎ ወንድ ነው። የስልኩ ኢሞጂ ላይም የደረሰው እሱ ነው፣ የሙያ ምስሎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ወንድና ሴት ተብለው ወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደሞ ጾታው ያልተለየ የጤና ባለሙያ ተጨመረ፣ ግን ሁለቱን አስቀርተው አይደለም፣ ሦስቱም ጎን ለጎን ናቸው።

ስለዚህ መፍትሄው ፊት ማጥፋት አይደለም ጋሼ፣ ፊት ማብዛት ነው። ሽማግሌ ከነምርኩዙ፣ ተማሪ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ባጃጅ ሹፌር፣ ነፍሰ ጡር፣ አባት። አንዱ ሰው ሁሉንም አይወክልም፣ ብዙ ሆነው ነው የሚወክሉት።

ሐኪሙ በጋዋን ነርሷ ከጎኑ ያሉት ላይ ግን አልስማማም፣ እሱ ነው እንደውም በጣም የሚያመኝ። እዚሁ ከተማ ሆስፒታል ይግቡና ይስሙ፣ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ "ዶክተር" ነው፣ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ "ሲስተር" ናት። ወንድ ነርሱ ዶክተር ይባላል፣ ስፔሻሊስቷ ሲስተር ትባላለች። ወንድ አዋላጆች አሉን፣ ጎበዞች፣ እናቶች መጀመሪያ ሲያዩአቸው የሚደነግጡት አዋላጅ ሴት ብቻ ሆና ስለተሳለችላቸው ነው። ኮሮና የገባ ጊዜ መጋቢት 2012 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር የነበረችው ዶ/ር ሊያ ታደሰ ሕክምና የተማረችው እዚሁ ጅማ ነው፣ አገሩ ሁሉ በየቀኑ የእሷን ሪፖርት ይጠብቅ ነበር። ከዛ በኋላም የከተማችን አጥር ላይ ሐኪሙ ወንድ ነርሷ ሴት ብለን እንሳል?

ሌላው ደሞ ሐኪም መሳል ሕክምናን ነው የሚያሳየው፣ የኅብረተሰብ ጤናን አይደለም፣ ይሄን ለእርስዎ መንገር ያሳፍረኛል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ሲከፈት ያሰለጠነው ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያንን ነው፣ አንድ ላይ ወጥተው በሽታው ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት እንዲያቆሙት። ምንጭ ማጎልበት፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ ቄራ መቆጣጠር፣ ያ የእርስዎ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ላይ ኮሌራ ሰው ሲፈጅ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱትን ቤት በቤት ቆጥሮ ብሮድ ስትሪት ያለችው የውሃ ፓምፕ ላይ ደረሰ፣ እጀታዋ እንዲነቀል አደረገ። እስካሁን የዚህ ሙያ ሰዎች የሚያስታውሱት ምስል ያቺ ፓምፕ ናት፣ ጋዋንም የላትም ጾታም የላትም፣ ከሷ ግን የጠጣው ሁሉም ነበር። የጎለበተ ምንጭ አጥሩ ጫፍ ላይ ቢሳል ይሄ ማነው የሚል ጥያቄ አይነሳም፣ ባዶ ቦታ አለ፣ እርስዎ የሠሩትን አንዱን ቢነግሩኝ እሱን እስላለሁ።

አምስተኛው አጭር ነው። ገንዘቡ ለመድኃኒት ይዋል ብለዋል። አጥሩ በካሬ ሜትር ነው የሚሠራው፣ እናት ብቻ ብስልም እናትና አባት ብስልም ቀለሙ ያው ነው፣ የኔም የእጅ ዋጋ ያው ነው። ጤና ጣቢያው ሥዕሉን ለማሠራት ወስኗል፣ የቀረው ማን ይሳል የሚለው ብቻ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደሞ አጥሩ ላይ የሚያነበው ሥዕሉን ነው፣ አጎቴ አያነብም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ሐሙስ ገበያ ቀን ሰው ከየወረዳው ይገባል፣ ከሰቃም ከማናም ከቀርሳም። ሁለት ባነር አትማለሁ፣ አንዱ እርስዎ ያሉት እናትና ልጅ ሐኪምና ነርስ፣ አንዱ የኔው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሂርማታ ገበያው መግቢያ እሰቅላቸዋለሁ፣ ጥያቄው አንድ ነው፣ "ይሄ ቤት ለማን ይመስልዎታል?"። የምጠይቀው እኔ ከሆንኩ ወደ ራሴ ልስበው ስለምችል እርስዎ ቢጠይቁ ነው የምፈልገው፣ እኔ መልሱን ብቻ እጽፋለሁ። ወንበር አመጣለሁ፣ ፀሐዩ ስለሚከብድ ጥላም አመጣለሁ።